ሳይመረመር የሚገዛ ባትሪ
መኪና አልነሳ ሲል ገንዘቡ የሚባክነው የት ላይ ነው?

ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ማዘጋጃ ቤት፣ ከዚያም በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሐር የሚወርደው መንገድ ለአዲስ አበባ አሽከርካሪ ከመንገድነቱ ሌላ አገልግሎት አለው። ባትሪው የማይታመን መኪና ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ይቆማል። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ዝም ካለ ሁለት ሦስት ጎረምሶች ይገፉታል፤ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ መኪናው ተንዘፍዝፎ ይነሳል። ባለቤቱ ለገፊዎቹ የሻይ ሰጥቶ ጉዞውን ይቀጥላል። በሳምንቱ ቁልቁለቱም አልረዳው ሲል ወደ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄዶ አዲስ ባትሪ ይገዛል። መኪናውም ይነሳል።

ታሪኩ በደስታ የተፈጸመ ይመስላል። ነገር ግን በብዙ አጋጣሚ አዲሱ ባትሪ መኪናውን ያስነሳው አሮጌው ስለሞተ አይደለም። ባትሪው ሲቀየር የዛገው ማሰሪያ ተፍቆ ስለጠበቀ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ እውነተኛው ችግር ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሆኖ አዲሱ ባትሪ ከፋብሪካ ይዞት በመጣው ኃይል ጥቂት ቀናት ስለሠራ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ሁኔታ ባለቤቱ የማያስፈልገውን ዕቃ ገዝቷል፤ በሁለተኛው ደግሞ ገዝቶም ችግሩን አልፈታም። በሁለቱም ግን ትክክል እንደሠራ አምኖ ይሄዳል። የስህተቱ ክፋት ይኸው ነው፤ መድኃኒት ስለሚመስል አይታወቅም።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት አለው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ ብር ሲዳከም ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ዋጋው አብሮ ይወጣል። በዚያው ዓመት በፒያሳ የተካሄደው የማፍረስና የመልሶ ማልማት ሥራ ብዙ ነዋሪዎችንና ነጋዴዎችን ከአካባቢው አንስቷል፤ ባለመኪናው ለዓመታት ያመነው ባለሙያ ዛሬ ሌላ ሰፈር ሄዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያለውን መኪና ረዘም ላለ ጊዜ፣ በውድ መለዋወጫ፣ ከማያውቀው መካኒክ ጋር ተስማምቶ ማኖር የብዙ ባለንብረቶች ዕጣ ሆኗል።

ሻጭ የሚያውቀው፣ ገዢ የማያውቀው

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት ጥናት የአሮጌ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርገው አንድ ነገር አሳይተዋል። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፣ ገዢው ግን አያውቅም፤ በዚህ የተነሳ ገበያው ጥሩውን ዕቃ እያባረረ መጥፎውን ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙላቸው ሥራዎች ዋነኛው ይኸው ነበር።

የጥገና ገበያ ግን ከዚህም የባሰ ነው። አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ውሎ አድሮ መታለሉን ይደርስበታል። ባትሪ ወይም ሞተሪኖ ያስቀየረ ሰው ግን መኪናው ከተነሳለት ቅያሪው ያስፈልግ እንደነበረና እንዳልነበረ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በሽታውን የሚናገረውም መድኃኒቱን የሚሸጠውም አንድ ሰው በሆነበት ቦታ ሁሉ ይህ አለ። መካኒኩ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ ቴስተር ከሌለው የሚሠራው በግምት ነው፤ የግምቱን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ባለመኪናው ነው። በሱቁ ደረሰኝ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ካለ ስህተቱ እዚያው ይዘጋል። አሮጌው ባትሪም ለሻጩ ወይም ለቁራሌው ተሰጥቶ ስለሚሄድ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት አጭር ነው። መጀመሪያ መገዛት ያለበት ዕቃ ሳይሆን መረጃ ነው። ደግነቱ ይህ መረጃ ርካሽ ነው፤ አብዛኛው በጆሮና በዓይን፣ ቀሪው ደግሞ በአንድ ቴስተር ይገኛል።

ጆሮ የመጀመሪያው መሣሪያ

መኪናው አልነሳም የሚለው አባባል ቢያንስ አራት የተለያዩ በሽታዎችን ይይዛል። ቁልፉ ሲዞር የሚሰማው ድምፅ ይለያቸዋል።

አንደኛ፤ ምንም ድምፅ የለም፣ መብራትም የለም። ኃይል ጨርሶ እየደረሰ አይደለም። ባትሪው ባዶ ሆኗል ወይም ማሰሪያው ለቋል።

ሁለተኛ፤ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ይላል ወይም ሞተሩ እንደታመመ ሰው እያቃሰተ በዝግታ ይዞራል። ኃይል አለ፣ ግን አይበቃም። ባትሪው ደክሟል፣ አለዚያም ማሰሪያው ኃይሉን እያነቀው ነው።

ሦስተኛ፤ አንድ ጊዜ «ጠቅ» ብሎ ያቆማል፣ መብራቱ ግን አይደበዝዝም። ጥርጣሬው ከባትሪው ይነሳና ወደ ሞተሪኖው ይዞራል።

አራተኛ፤ ሞተሩ እንደ ልማዱ በፍጥነት ይዞራል፣ ግን አይቀጣጠልም። እዚህ ባትሪውም ሞተሪኖውም ሥራቸውን ሠርተዋል። ችግሩ እሳት ወይም ነዳጅ ነው። በዚህ ሁኔታ ባትሪ መግዛት ራሱን ለሚያመው ሰው ጫማ እንደመግዛት ነው።

እነዚህን ለማረጋገጥ የፊት መብራት አብርቶ ቁልፉን ማዞር ይጠቅማል። መብራቱ ድርግም ብሎ ከጠፋ ማሰሪያው ወይም ባትሪው ነው። በጣም ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል፣ አልፎ አልፎም ሞተሪኖው ተቸንክሮ ኃይል እየበላ ነው። ደምቆ ከቀጠለና ሞተሩ ካልዞረ ኃይሉ ሞተሪኖው ዘንድ አልደረሰም፣ አለዚያም ደርሶ ሞተሪኖው አልሠራም። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ከመጠርጠር በፊት ማርሹ በማቆሚያው ወይም በዜሮው ላይ መሆኑን ማየት ነው። ማርሹ በትክክል ስላልገባ ብቻ የተጎተተ መኪና አለ።

ሬዲዮው ይሠራል ማለት ባትሪው ደህና ነው ማለት አይደለም

በመንገድ ዳር በብዛት የሚሰማው ስህተት ይህ ነው። ሬዲዮ ጥቂት አምፔር ይበቃዋል፤ ሞተሪኖ ግን በአነስተኛ መኪና እንኳ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ቀጭን ቧንቧ ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ያሳልፋል፣ ለእሳት ማጥፊያ ግን አይበቃም። የዛገ ማሰሪያም እንዲሁ ነው። ሬዲዮውን ያዘፍናል፤ ሞተሪኖውን ግን ያስርበዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ሁለት ራሶች ማየት ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለባቸው፣ በእጅ ሲነቀነቁ የሚዞሩ ከሆነ፣ ወይም ለማስነሳት ከተሞከረ በኋላ ሲነኩ የሚያቃጥሉ ከሆነ በሽታው እዚያው ነው። ማሰሪያው ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰር ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሆናል። ዱቄቱ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ይታጠባል፣ እርሳሱ በብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብለጨልጭ ይፈቀፈቃል፤ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ከላይ ግሪስ ይቀባል። ከባትሪው ወደ መኪናው አካልና ወደ ሞተሩ የሚሄደው የማሳ ገመድም አብሮ መታየት አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ማሰሪያው ንጹሕ ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ቴስተር ይነሳል። መኪናው ካደረ በኋላ፣ ምንም ሳይበራ፣ ደህና የሆነና የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ሊባል ይችላል። ግን ባዶ መሆንና መሞት ይለያያሉ። ባዶ ባትሪ ይሞላል። መሞቱ የሚታወቀው በቻርጀር ሙሉ በሙሉ ከተሞላ በኋላ ሞተሩ ሲዞር ቮልቱ ከ9.6 በታች ሲወርድ ነው። ሳይሞላ የተፈተነ ባትሪ አልተፈተነም።

ሦስተኛው ቁጥር ከሁሉ የሚበልጠው ሲሆን ከሁሉ የሚዘነጋውም ነው። መኪናው በማንኛውም መንገድ ከተነሳ በኋላ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ በባትሪው ራሶች ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። 12.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ዲናሞው አይሞላም፤ ቺንጊያው ላልቷል፣ ካርቦኖቹ አልቀዋል ወይም መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል። በዚህ መኪና ላይ የሚታሰር አዲስ ባትሪ በቀናት ውስጥ ይራቆታል፤ ደጋግሞ እስከ መጨረሻው የተራቆተ ባትሪ ደግሞ ዕድሜው ያጥራል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህን።

ዲናሞውም ማሰሪያውም ደህና ሆነው ባትሪው እያደረ የሚያልቅ ከሆነ ሌሊት ኃይል የሚሰርቅ ነገር አለ። የሻንጣ መብራት፣ በኋላ የተገጠመ ማንቂያ ደወል ወይም ሬዲዮ ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የፊትና የኋላ መብራቶች 8 አምፔር ያህል ቢስቡ 55 አምፔር ሰዓት የሆነ ሙሉ ባትሪ በሰባት ሰዓት ገደማ ያልቃል።

ሞተሪኖ

ባትሪው 12.6 አሳይቶ፣ ማሰሪያው ተጠርጎ፣ መብራቱም ሳይደበዝዝ «ጠቅ» ብቻ የሚል ከሆነ ሞተሪኖው ተራው ደርሷል። ልምድ ያለው ሹፌር በካቻቢቴ እጀታ ወይም በቁልፍ ቀስ አድርጎ ይመታውና ይነሳለታል። ይህ የሚሠራው ያለቁት ካርቦኖች ለጊዜው ስለሚነካኩ ነው፤ ስለዚህ መምታቱ ምርመራ እንጂ ጥገና አይደለም። ተመትቶ የተነሳ ሞተሪኖ «ካርቦኔ አልቋል» ብሎ ተናግሯል። ብዙ ጊዜ ካርቦኑንና ቡሺንጉን መቀየር ይበቃዋል፣ ሙሉው መለወጥ የለበትም። ቁልፍ ሲዞርም በአንድ ጊዜ ከ10 ሴኮንድ በላይ መያዝ አይገባም፤ ትንሽ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ሳያርፍ የሚዞር ሞተሪኖ ይቃጠላል።

እሳትና ቤንዚን

አራተኛው ድምፅ፣ ማለትም ሞተሩ እየዞረ አለመቀጣጠሉ፣ ሌላ ምዕራፍ ነው። ፒያሳ ስሟን ከጣሊያንኛ እንደወረሰች ሁሉ የጋራዡም ቋንቋ ከዚያው የመጣ ነው፤ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፑንቲና ይባላል። ለአሥርት ዓመታት የከተማዋ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆና ያገለገለችው ላዳም በሥሯ የጣሊያን ፊያት 124 ናት፤ ሶቪየቶች ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቶሊያቲ ፋብሪካ ያመረቷት በፊያት ንድፍ ነው።

በዚህ ዓይነት አሮጌ መኪና እሳት መኖሩን ማየት ይቻላል። ካንዴላው ይፈታል፣ ገመዱ እንደተሰካበት ብረቱ ከሞተሩ አካል ጋር ይነካካል፣ ሞተሩ ይዞራል። ካንዴላው በፕላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ እንጂ በባዶ እጅ አይያዝም፤ ቤንዚን በፈሰሰበትም አይሞከርም። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ደህና ነው። ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይም ከሌለ ወደ ፑንቲናው፣ ወደ ኮንደንሰሩና ወደ ቦቢናው መሄድ ነው። የላዳ ፑንቲና ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊሜትር፣ የካንዴላዋ ደግሞ ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊሜትር ነው። በክረምት ማለዳ እሳት ከጠፋ ደግሞ ከሁሉ በፊት የእሳት ማከፋፈያው ክዳን ውስጥ የገባው እርጥበት በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። ለዚህ የሚገዛ ዕቃ የለም።

ነዳጅን በተመለከተ የአዲስ አበባ ከፍታ የራሱ ድርሻ አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ስላለች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል። ስለዚህ ቾክ አብዝቶ የሳበ ወይም ፔዳሉን ደጋግሞ የረገጠ ሹፌር ሞተሩን በቤንዚን ያጥለቀልቀዋል። ምልክቱ የቤንዚን ሽታና የረጠበ ካንዴላ ነው። መፍትሔው ቾኩን መልሶ፣ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጦ ይዞ ማዞር፣ ካልሆነም ካንዴላዎቹን አውጥቶ ማድረቅ ነው። በተቃራኒው፣ በቀትር ፀሐይ ዳገት ወጥቶ የቆመና ወዲያው ያልነሳ ካርቡራተር ያለው መኪና ቤንዚኑ ፖምፓው ውስጥ ተኖ ይሆናል። ኮፈኑን ከፍቶ ማሳረፍ ወይም ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ ይበቃል።

አዳዲሶቹ ቶዮታዎችና መሰሎቻቸው ካርቡራተርም ፑንቲናም የላቸውም። በእነሱ ላይ ካንዴላ አውጥቶ ብልጭታ መሞከር የኮምፒዩተር ክፍሎችን ሊጎዳ ስለሚችል አይመከርም። የሚታዩት ሌሎች ምልክቶች ናቸው። ነዳጅ በእርግጥ አለ ወይ? የመለኪያው መርፌ ብቻ ምስክር አይደለም። የፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ የተቃጠለ አለ? የስርቆት መከላከያው መብራት ሳያቋርጥ ብልጭ ድርግም ይላል? እንዲያ ከሆነ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም። ከዚህ ካለፈ የስህተት ኮዱን በመሣሪያ ማስነበብ ነው፤ ኮዱ ግን አቅጣጫ ይጠቁማል እንጂ የሚገዛውን ዕቃ አያዝም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሞተሩ ከወትሮው ቀለል ብሎ፣ ያለ ምንም ትግል «ዝዝዝ» እያለ ከዞረ የታይሚንግ ቺንጊያው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይቁም። መሞከሩ ከቀጠለ በአንዳንድ ሞተሮች ቫልቮቹ ይጣመማሉ፤ መግፋትም ያው ነው።

ቁልቁለቱ እስከ የት ይረዳል?

መግፋት ለደከመ ባትሪና ለተበላሸ ሞተሪኖ ጊዜያዊ መውጫ ነው። አውቶማቲክ ማርሽ ባለው መኪና አይሠራም። ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ የፍሬኑና የመሪው አጋዥ ኃይል ስለማይኖር እንደ ቸርችል ባለ ቁልቁለት ላይ፣ ከፊት መኪናና እግረኛ እያለ፣ አደገኛ ነው።

ከሌላ መኪና ኃይል መዋስ ይሻላል። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ይታሰራል፤ ከሰጪው ባትሪ ኔጌቲቭ የሚመጣው ገመድ ግን ከደከመው ባትሪ ራቅ ካለ የሞተር ብረት ጋር መጨረሻ ይታሰራል። ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ብልጭታው ከእሱ መራቅ አለበት። በዚህ መንገድ የተነሳ መኪና እየሠራ ሳለ ሦስተኛውን ቁጥር መለካት መዘንጋት የለበትም። የኤሌክትሪክ መኪና የገዙም ከዚህ ነፃ አይደሉም፤ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ ትንሹ ባለ 12 ቮልት ካለቀ መኪናው አይነቃም።

ስሌቱ

የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ባትሪ 10,000 ብር፣ የሞተሪኖ ጥገና 4,000፣ የዲናሞ ጥገና 3,000፣ ማሰሪያ ማጽዳት 200፣ ምርመራ 300 ብር ይሁን። ያልተነሱ አሥር መኪኖች አሉ እንበል፤ የአራቱ ችግር ማሰሪያ፣ የሦስቱ ዲናሞ፣ የሁለቱ ባትሪ፣ የአንዱ ሞተሪኖ ነው።

አሥሩም ሳይመረመሩ ባትሪ ቢገዙ 100,000 ብር ያወጣሉ። ማሰሪያ የነበረባቸው አራቱና ባትሪ የሞተባቸው ሁለቱ ይፈታላቸዋል። የቀሩት አራቱ ተመልሰው ለዲናሞ 9,000፣ ለሞተሪኖ 4,000 ይጨምራሉ። ድምሩ 113,000 ብር ነው። አሥሩም መጀመሪያ ቢመረመሩ ለምርመራው 3,000፣ ለማሰሪያ 800፣ ለዲናሞ 9,000፣ ለባትሪ 20,000፣ ለሞተሪኖ 4,000 ያወጣሉ፤ ድምሩ 36,800 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 76,200 ብር፣ ለእያንዳንዱ መኪና 7,620 ብር ነው። ዋጋዎቹ ቢለዋወጡም ውጤቱ ብዙም አይለወጥም፤ ምርመራው ከዕቃው እጅግ እስከረከሰ ድረስ መጀመሪያ መመርመር ያዋጣል። ታክሲ ነጂው ተመላልሶ ሲቆም የሚያጣው የቀን ገቢ እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ከሂሳቡ ውስጥ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ማሰሪያ የነበረባቸው አራቱ በ200 ብር የሚያልቀውን በ10,000 ብር ፈትተው ደስ ብሏቸው ሄደዋል። ቅሬታ የሚያሰሙት ዲናሞና ሞተሪኖ የነበረባቸው ብቻ ናቸው። ገበያው ራሱን የማያርመው ለዚህ ነው፤ ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ መጎዳታቸውን አያውቁም።

ከመክፈል በፊት

መካኒክ ባትሪ ወይም ሞተሪኖ ይቀየር ሲል ባለመኪናው መቆጣትም መጠራጠርም አያስፈልገውም፤ ሦስት ቁጥሮች መጠየቅ ይበቃዋል። መኪናው እንደቆመ ባትሪው ስንት ቮልት ነበረ? ከተሞላ በኋላ ሞተሩ ሲዞር ስንት ላይ ወረደ? ሞተሩ ሲሠራስ ስንት ሆነ? ቁጥሮቹን በቴስተር አሳይቶ የሚመልስ ባለሙያ እንደገና የሚፈለግ ነው። የማይመልስ ከሆነ ግን ዕቃው ለጊዜው ሱቁ ውስጥ ይቆይ። ቅያሪው እርግጥ ሆኖ ከተገኘም አሮጌው ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ፤ ባትሪው በሌላ ሱቅ ተሞልቶ ይፈተን። ደህና ሆኖ ከተገኘ የ200 ብሩ በሽታ የትኛው እንደነበረ ይታወቃል።